ሦስቱን መዝገብ ለማጋባት ከድሬ ወደ የካ

ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ላይ የሚሞት ሰው ብዙ ነው፤ የሚጎድልበትም ነገር የለም። እኔም የአዲስ አበባን ብርድ ናፍቄ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ግን በደርግ ጊዜ ለሥራ ተልኬ አንድ ሳምንት ደርሼ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያልሄዱ ወዳጆቼ «እስኪ ስለ እንጦጦ አውራን» ይሉኛል። ስለ እንጦጦ የማወራው ጥቂት ነው። የማወራው የራሴን ጉድ ነው።

ጌታሁን እባላለሁ። በአንድ የመንግሥት የጭነት ማመላለሻ ድርጅት፣ በድሬዳዋው ቅርንጫፍ፣ የስምሪት ጸሐፊ ነበርኩ። የትኛው ካሚዮን በስንት ሰዓት ግቢ ገባ፣ በስንት ሰዓት ወጣ፣ የምመዘግበው እኔ ነኝ። የድሬ ሰው ልቡ ክፍት ነው፣ ሰው ያምናል ይባላል፤ እውነት ነው። እኔ ግን በማን እንደወጣሁ እንጃ። በሬን ከቆለፍኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ካልገፋሁት መንገድ አልሄድም። ሥጋ ስገዛ የማየው ሚዛኑን ሳይሆን የባለሚዛኑን አውራ ጣት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል የሰማሁ ዕለት አባቴ የተናዘዘልኝ ነው የመሰለኝ።

የጉዞው ነገር እንዲህ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤታችን የካ ነበር፤ እዚያ ኮምፒዩተር የሚሉት መሣሪያ ገባ። በውስጡ ሦስት ፕሮግራም ነበረው፤ አንዱ የመለዋወጫ ዕቃ ስቶሩን፣ አንዱ ጋራዡን፣ አንዱ የእኛን ስምሪት የሚይዝ። ሦስቱ በተለያየ ጊዜ ከተለያየ አገር የተገዙ ስለነበሩ አይተዋወቁም። ያንኑ አንድ ካሚዮን ስቶሩ በራሱ ቁጥር፣ ጋራዡ በሌላ ቁጥር፣ እኛ በሰሌዳው ነው የምንጠራው። ኃላፊዎቹ ሦስቱ መዝገቦች ይጋቡ፣ አንዱ ያወቀውን ሌላው ይወቅ አሉ። ተጋቡ። የጋብቻው የመጀመሪያ ፍሬ ክስ ሆነ።

ከድሬዳዋ ስቶር የወጡ አርባ አንድ ዕቃዎች፣ ባትሪው፣ የፍሬን ሸራው፣ ኩሽኔታው፣ ለካሚዮኖች ተሰጡ የተባለው ካሚዮኖቹ ገና ግቢ ሳይገቡ ነው የሚል ዝርዝር መጣ። ካሚዮኑ ከሌለ ዕቃውን የበላው ማነው? ስቶሩን የሚይዘው ዑመር ነበር፤ አሥራ ሦስት ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ አብረን ሠርተናል። በዚያን ጊዜ ደግሞ አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች። ሰው ላይ ከተለጠፈች ሥራ ብቻ ወስዳ አትመለስም። የቅርንጫፉ ኮሚቴ ዑመርን ከሥራ አገደው፤ መዝገቡም ታሽጎ ወደ የካ ተላከ። የእገዳው ወረቀት ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ሰብሳቢያችን ለማጣሪያው እኔን መረጠ። «አንተ እናትህንም አታምንም» አለኝ፤ ማመስገኑ ነው። «የስምሪት መዝገብህን ይዘህ ሂድና ከዝርዝሩ ጋር አመሳክር። ይዘኸው በምትመጣው ወረቀት የዑመር ነገር ይቆረጣል። ዝርዝሩ ልክ ነው ከተባለ ለሕግ ይተላለፋል።» ለሕግ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ በዚያ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። ዑመር አራት ልጆች አሉት።

ረቡዕ

ባቡሩ የሚነሳው ጎሕ ሲቀድ ነው። መዝገቦቼን የሳሙና ካርቶን ውስጥ ከትቼ በሲባጎ ጠፍሬ ጣቢያ ብደርስ፣ ዑመር ቆሞ ይጠብቀኛል። የታገደ ሰው ያገደውን ሊሸኝ ሲመጣ ምን ይባላል?

«ሆቴል እንዳታድር» አለኝ። «ታላቅ እህቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ናት። ጽፌላታለሁ፣ ባሏ ሰይድ ለገሃር ይጠብቅሃል።»

«ምን ብለህ ጻፍክላት?»

«ጌታሁን ይመጣል ብዬ ነዋ! ሌላ ምን እጽፋለሁ?»

ገባኝ አልኩ በልቤ። አብልተው አጠጥተው ምስክርነቴን ሊያለሳልሱ ነው። እምቢ እንዳልል ደግሞ ሆቴል ውስጥ ካርቶኔን ትቼ የምወጣበት አንጀት የለኝም። ከሁለት ጥርጣሬ ቀለል ያለውን መረጥኩ።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩበት። አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፣ ብርቱካን ልጠው «እንካ» ቢሉኝ አመሰግናለሁ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ባቡር ውስጥ በብርቱካን ተደንዝዞ ሻንጣውን ስላጣ ሰው ሰምቼ ነበር። ሴትዮዋ ትከሻቸውን ነቀነቁና ራሳቸው በሉት። ኤረር አልፈን፣ አፍደም አልፈን፣ ሙቀቱ የእኛው ሙቀት ነው፤ እስከዚያ ድረስ አገሬ አልለቀቀኝም።

አዋሽ ላይ ፈታሾች ገቡ። ካርቶኔን አስፈቱኝ። «ይህ ሁሉ ቁጥር ምንድነው?» አለኝ አንዱ ወታደር።

«የካሚዮን መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው።»

ይህን ከማለት ምላሴን በቆረጠው ይሻል ነበር። የካሚዮን እንቅስቃሴ ጽፎ ይዞ የሚሄድ ሰው ማን ይባላል? የትእዛዝ ወረቀቴን ባሳየው ማኅተሙን ወደ ብርሃን አንስቶ ያገላብጠዋል፣ ወዲያው ደግሞ እኔን ያየኛል። ልክ እኔ ሰው እንደማየው። ባለ ብርቱካኗ ሴትዮ ናቸው ያዳኑኝ። «ኧረ ልጄ ተወው» አሉት። «ከድሬ ጀምሮ ካርቶኑ ላይ እንደ ዶሮ ተቀምጦ ዓይኑን ሲያቁለጨልጭ ነው የመጣው። ሰላይ እንዲህ ያስታውቃል?» ወታደሩ ሳቀ፣ ሰውም ሳቀ፣ እኔም ከሰው አልጎድል ብዬ ሳቅኩ። ሲባጎውን መልሼ ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት።

ለገሃር አመሻሽ ላይ ደረስን። ጥርሴ ተንገጫገጨ። እኛ ዘንድ በኅዳር ማታ በሸሚዝ ሆነህ ውጭ ትቀመጣለህ፤ እዚያ ግን ነፋሱ ከእንጦጦ ወርዶ በአንገትህ ገብቶ በእግርህ ይወጣል። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ፣ ሁለት ጋቢ ይዘው፣ አንዱን ለብሰው አንዱን በክንዳቸው አንጠልጥለው፣ መንገደኛውን ያያሉ።

«ሰይድ አንተ ነህ?» አልኳቸው።

አንድ ወጣት ዞሮ ገላመጠኝ። እኛ ድሬ አንቱታ አናውቅም፤ ቀዳሹንም ሼኩንም አንተ ነው የምንለው። ሽማግሌው ግን ከት ብለው ሳቁ። «የዑመር ጓደኛ መሆንህን በዚህ አወቅኩ! የድሬ ልጅ ጋቢ ይዞ አይመጣም፣ ብዬ ይዤልህ መጣሁ» አሉና አለበሱኝ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ፣ እያልኩ ተጠነቀቅኩ።

አውቶብሱ ቀበና ወንዝ ተሻግሮ አፋፉ ላይ አወረደን፣ ቀሪውን በእግር ወጣን። ያ ሰፈር መንገዱ ሁሉ ሽቅብ ነው። የእኛ ከተማ እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ነው፤ እዚያ ጎረቤት ለመጠየቅ እንኳ ሳንባ ይጠይቃል። ሽማግሌው ካርቶኔን ልያዝልህ ቢሉኝ አልሰጥም ብዬ እያለከለክሁ ተሸከምኩ። ቤታቸው ከፊት አንዲት ጠባብ ሱቅ፣ ከኋላ ሦስት ክፍል ናት። እትዬ ዘሀራ፣ የዑመር እህት፣ በር ላይ ተቀበሉኝ።

«ዑመር እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። እያወቁ የሚጠይቁኝ መሰለኝ። ተልባ ፍትፍትና ክክ ወጥ ቀረበ። «ረቡዕ ነው፣ ትጾማለህ ብዬ ነው» አሉ። እስላም ሴት የእኔን ጾም ቆጥራ ትጠብቀኝ? ምን ያህል ቢፈልጉኝ ነው አልኩና በላሁ።

ሐሙስ

ጠዋት ጋሽ ሰይድ ቀበሌ ወሰዱኝ። እንግዳ ያሳደረ ማስመዝገብ አለበት። ጸሐፊው «ዘመድ ነው?» ቢላቸው፣ «የቤተሰብ ልጅ ነው» አሉ። ያንን ቃል ሲያስጽፉ ብዕሩን በዓይኔ ተከተልኩ። ነገ ሲጣራ የተከሳሹ ዘመድ ቤት ያደረ አጣሪ ልባል ነው። እዚያው ቆሜ ይህን ሁሉ አሰላሁ።

መሥሪያ ቤቱ ከሰፈሩ ቁልቁል ሩብ ሰዓት ነው። የመሣሪያው ክፍል ኃላፊ ሰብለ የምትባል፣ ሠላሳ ያልሞላት፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ናት። በሩ ላይ «ጫማዎን ያውልቁ፣ አቧራ አይገባም» አለችኝ። ወይ ጉዴ! የግራ ካልሲዬ ተረከዙ የለም። ተረከዜን በቀኝ እግሬ እየሸፈንኩ እንደ ሽመላ ገባሁ። ውስጡ ደግሞ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ብርድ አገር ማቀዝቀዣ አስገብተው! እኛ በአርባ ዲግሪ አንድ ማራገቢያ ለአምስት ሰው ነው ያለን። አንድ ሰው ይህን ነፋስ በባቡር ቢልክልን ብዬ ተመኘሁ።

ሰብለ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ፣ አልከፋትም። ስለ ጋብቻው ስጠይቃት አልደበቀችኝም። «መጀመሪያ ስቶሩን ከጋራዡ፣ ጋራዡን ከስምሪቱ፣ ሁለት ሁለት እያደረግን ልናገናኝ ነበር» አለች። «አንዱ በተነካ ቁጥር ሁሉም ይበላሻል። አሁን ሁሉም የሚገቡበት አንድ ቅጽ አወጣን፤ የሰሌዳ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ምን እንደተደረገ። ማንኛውም ክፍል ወደዚህ ቅጽ ከተረጎመልኝ ከሌላው ጋር ራሱ ይተዋወቃል። አራተኛ ፕሮግራም ነገ ቢመጣም አልቸገርም።»

«ቅጹ ከተሳሳተስ?»

«ቅጽ አይሳሳትም። የሚሞላው ሰው ነው የሚሳሳተው።»

ዑመርን ማለቷ ነው አልኩ። ሌላ ነገርም አየሁ። ወደ ጠረጴዛዋ በቀረብኩ ቁጥር መሳቢያዋን ቀስ ብላ ትዘጋለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከእኔ የሚደበቅ ምን ወረቀት አለ? ለአፍታ እስክትወጣ ጠብቄ፣ ሳላፍር፣ ጎትቼ ከፈትኩት። በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ነው። መሣሪያ ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው፣ ልጅቷ ምሳ አትወጣም። መሳቢያውን እንደነበረ መለስኩት፤ ሁለት ፍሬ ቆሎ ግን መሬት ወድቆብኝ በካልሲዬ ገፍቼ ከመሣሪያው ሥር ደበቅኩ። አጣሪው ማስረጃ ሲደብቅ እዩልኝ።

ማታ ዶሮ ወጥ ቀረበ። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ አይገናኝም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እትዬ ዘሀራ ዶሮዋን ገዝተው ጎረቤታቸው እማማ አስካለ ዘንድ ወስደው፣ በእማማ አስካለ ባል ቢላ አሳርደው፣ በእማማ አስካለ ድስት አሠርተው፣ አቅፈው ይዘው መጡ። ራሳቸው አልቀመሱም። ተቀምጠው ስበላ ያዩኛል።

«ጨው በዛው እንዴ? እኔ አልቀመስኩት፣ አላውቅም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አልኩ በልቤ። ለማያውቁት ሰው ይህ ሁሉ ልፋት ለፍቅር ነው? «ምንም አልበዛ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያች ያለች ዶሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልበላሁም። በየጉርሻው ግን ጉቦ ጉቦ ይሸተኝ ነበር።

ዓርብ እና ቅዳሜ

ሁለቱን ቀን ስንቆጥር ዋልን። ወደ የካ የላክኋቸው ቅጾች ላይ ያለውን፣ ቁጥሩን ካርድ ላይ እየበሱ ለመሣሪያው የሚሰጡት ልጆች ያስገቡትንና ካርቶኔ ውስጥ ያለውን መዝገብ አመሳከርኩ። አንድ በአንድ፣ ጣቴ በቀለም እስኪጠቁር። አንድም ስህተት የለም። እኔ የጻፍኩትን ነው ያስገቡት። የዑመርን ቅጾች ደግሞ ሰብለ ራሷ አመሳክራ ልክ ናቸው አለችኝ። ከመሣሪያው የወጣው የክስ ዝርዝር ሰሌዳ፣ ቀንና «ቀድሞ የወጣ» የሚል ብቻ ነው፣ ሰዓቶቹን አይዘረዝርም። ስለዚህ ወረቀቴ ራሱን ጻፈ ማለት ነው። የእኔ ልክ፣ የመሣሪያው ልክ፣ ጥፋቱ የዑመር።

ሰብለን ስለማላምናት የዑመርን መዝገብ ራሴ ልየው አልኩ። «ካመሳከርኩት በኋላ እንደገና ታሽጓል፣ ሰኞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ባሉበት ይከፈታል» አለችኝ። «ግን አይልፉ፤ አይቼዋለሁ።»

አይልፉ መባሌ ይበልጥ አጠራጠረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ ወረቀቴን አረቀቅሁ፤ «ዝርዝሩ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» የምትል አንዲት መስመር። የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው። ከግድግዳው ባሻገር እትዬ ዘሀራ ለዑመር ልጆች የሚላክ ሹራብ ሲሠሩ ይሰማኛል፤ የትንሿን ልጅ ቁመት ከእኔ ይጠይቃሉ። ተነስቼ በራቸው ላይ ቆሜ «እዚህ ድረስ ናት» እያልኩ በእጄ አሳየኋቸው። ድሬ ላይ ሹራብ ማን ይለብሳል ብዬ ልነግራቸው አልቻልኩም።

እሑድ

መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ጋሽ ሰይድ «እንጦጦን ሳታይ ብትመለስ ድሬዎች ይስቁብሃል፣ ተነስ» አሉኝ። ከሰፈሩ ጀርባ በባሕር ዛፉ መካከል ወጣን። ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ የሚባል የለኝም። ረጅም ነው፣ እርስ በርሱ ይፋተጋል፣ ከኋላህ ሰው የሚከተልህ ያስመስላል። እኔም አሥር ጊዜ ዞሬ አየሁ። የስልሳ ዓመቱ ሽማግሌ ከፊት እንደ ፍየል ይሮጣሉ፣ አርባ ያልሞላኝ እኔ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው።

ከላይ ደርሰን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከተማው ከታች ጭስ ለብሶ ይታያል። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ለዚህ ነው ከሰው ነጥለው ያወጡኝ። ባይጀምሩልኝ ጊዜ ራሴ ጀመርኩት።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዑመር በደብዳቤው ስለ እኔ ምን አለ? አይደብቁኝ።»

ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ደብተር ላይ የተጻፈች ግማሽ ገጽ ናት። ሥራ ጥሩ ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው ይላል። ጌታሁን ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ይመጣል፣ ብርድ አይችልም፣ ምግብ ሲያቀርቡለት ይጠረጥራልና አትቀየሙት፣ ልቡ ክፉ አይደለም፣ እንደ እኔ አድርጋችሁ ያዙት ይላል። ሌላ የለውም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ እገዳው አንዲት ቃል የለም።

አያውቁም ነበር! ዶሮዋ ዶሮ ናት፣ ጋቢው ጋቢ ነው። ያን ጊዜ ያፈርኩትን ማፈር እግዜር ለጠላቴም አይስጠው። ደብዳቤውን ስመልስላቸው ጋሽ ሰይድ ጸሐይዋን ቀና ብለው አዩና፣ «ሶላት ደርሷል መሰለኝ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

የእጅ ሰዓቴን አየሁ። «አሥራ ሁለት ተኩል።»

«አሥራ ሁለት ተኩል? መሸ እንዴ!» ጸሐይ አናታችን ላይ ናት። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ምን ዓይነት ሰዓት ነው ያሰርከው አንተ?»

«ስድስት ተኩል ማለቴ ነው። ሰዓቴ የፈረንጅ ነው። ኮምፒዩተሩ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ አድርጌ ነው የማስረው። መሣሪያው የፈረንጅ ስለሆነ በእኛ ሰዓት ብልክለት አይገባውም ብዬ፣ ራሴ ወደ ፈረንጅ ቀይሬ ነው የምጽፍለት። እዚያ ያሉት ልጆች መቀየር ቢረሱስ? ሰው አላምንም።»

ጋሽ ሰይድ ውሃ ፍለጋ ዙሪያውን እያዩ፣ ልብም ሳይሉት፣ «እና እዚያ ያሉት ልጆች ቀይረህ እንደምትልክ ያውቃሉ?» አሉኝ።

ከየት ያውቃሉ! ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው አልተናገርኩም። ሽማግሌው ሄደው ሰገዱ፤ እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ አሰላሁ። ካሚዮን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግቢ ይገባል። እኔ ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ። ዑመር አራት ሰዓት ላይ ዕቃውን ይሰጣል፣ እንደማንኛውም ሰው አራት ብሎ ይጽፋል። መዝገቦቹ ለየብቻ ሲሆኑ ማንም አያየውም። ሲጋቡ ግን ዑመር ዕቃውን በአራት ሰዓት የሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ለገባ ካሚዮን ሆነ።  ቁልቁለቱን የወረድኩት ጋሽ ሰይድ ክንዴን ይዘውኝ ነው፤ ብርድ የመታኝ መስሏቸው ጋቢያቸውንም ደረቡልኝ።

ሰኞ

የዑመር መዝገብ ሲከፈት የእኔን አጠገቡ ዘረጋሁት። በዚህ በኩል አራት፣ በዚያ በኩል ዘጠኝ። በዚህ አምስት፣ በዚያ አሥር። አርባ አንዱም እንዲያ ነው። ለሰብለ ነገርኳት። 

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የእኛ ቅጽ የሚቆጠረው ከንጋት ነው፣ እስከ ሃያ አራት። ማታ አንድ ሰዓት አሥራ ሦስት ይባላል። እናንተ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ስትሉ እኛ… ድሬ ሙቀት ስለሆነ ማታ ማታ ነው የሚሠሩት ብለን ነበር! ጠንካራ ሠራተኞች እያልን እናወራችሁ ነበር።»

ሳቅ ያዛትና ወዲያው ፊቴን አይታ ተወችው። ኃላፊው፣ ካድሬም ናቸው፣ ለስልክ ወጥተው ነበር። ሰብለ ጠጋ አለችኝ። «የመሣሪያ ስህተት ብዬ ልጻፍልዎ? መሣሪያን ማንም አያስርም።»

ለምን ልትረዳኝ ፈለገች አልኩ፤ ልማድ አይለቅ። «ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያ መሣሪያው ይመረመራል። ባለሙያ ከውጭ አገር ይጠየቃል።»

«ዑመርስ?»

«እስኪጣራ…» አለች። እስኪጣራ የሚባለውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሰው በእስኪጣራ ሽበት ያወጣል።

ፈራሁ፣ አልዋሽም። ሁለት ዓመት የተሳሳተ ሰዓት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የላከ ሰው፣ ያ አሻጥር ካልተባለ ምን ይባላል? ልጆቼ ታዩኝ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የእኔን በሽታ ደግሞ ዑመር እየታመመልኝ ነበር። ወረቀት ጠየቅሁና በእጄ ጻፍኩት። ሰዓቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዘኝ የለም፣ ያወቀ የለም፣ የዑመር መዝገብ ልክ ነው። ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ።

ኃላፊው አንብበው ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ «ለምን?» አሉኝ።

«እዚህ ያሉትን ሰዎች ስላላመንኩ ነው።»

«የማታውቃቸውን?»

«አዎ።»

ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ አስቀመጡኝ። ጠባቂ ይመጣል ብዬ በሩን ሳይ ዋልኩ። የመጣችው ሰብለ ናት፤ ቆሎዋን በጨርቋ ይዛ። «ምሳ አልበሉም» ብላ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። በውስጥ መሣሪያው ሲንጫጫ ይሰማል፤ የእኔን ሰዓቶች በሙሉ አስተካክላ ሦስቱን መዝገብ እንደገና ታጋባቸዋለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ዝርዝሩን አመጣችው። «ቀድሞ የወጣ» ከሚለው ርዕስ ሥር ባዶ ነው። ቅጹም ላይ አዲስ መስመር ጨምራለች፤ ሰዓቱ የተቆጠረው ከንጋት ነው ወይስ ከእኩለ ሌሊት፣ የሞላውስ ማነው ይላል። «ቅጽ አይሳሳትም ብዬዎት ነበር፤ መጠየቅ የነበረበትን ሳይጠይቅ ከቀረ ግን ይሳሳታል» አለችኝ። ኃላፊው ማኅተም አደረጉበትና «አንተን ቅርንጫፍህ ይወስንብህ» ብለው አሰናበቱኝ።

ማክሰኞ

ለእትዬ ዘሀራ ልንገራቸው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ዑመር እህቱ እንድታውቅ አልፈለገም፤ ገበናውን የምገልጥ እኔ ማነኝ? ሹራቦቹንና ስንቄን ቋጥረው ሰጡኝ። ጋሽ ሰይድ ለገሃር ድረስ ካርቶኔን ተሸከሙልኝ። ጋቢውን ልመልስ ብል «ያንተው ነው» አሉ። ድሬ ላይ ጋቢ ምን ያደርጋል? ተቀበልኩ። ባቡሩ ከአዋሽ ወዲያ ሲወርድ የእኛ ሙቀት በመስኮት ገባ። ፊቴን አውጥቼ ደስ እስኪለኝ ተነፈስኩ፤ ወዲያው ደግሞ የሚጠብቀኝን ሳስብ አስገባሁት።

ሐሙስ፣ ድሬ

የሠራተኛው ስብሰባ ጋራዡ ውስጥ ነበር። ዑመርን አስቀድሜ ቤቱ ሄጄ ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶ «እህቴ አወቀች?» ብቻ ነው ያለኝ። አላወቀችም ስለው ተነፈሰ። ሂድም ግባም አላለኝ።

ወረቀቱን ሰው ሁሉ ፊት ራሴ አነበብኩት። ሰብሳቢው «ጓድ ዑመር ወደ ሥራው ይመለስ» አለ፤ ተጨበጨበ። ቀጥሎ የእኔ ነገር መጣ። ከስምሪት እንድነሳ፣ ደረጃዬም ዝቅ ብሎ በስቶሩ ጎማ ክፍል ከዑመር ሥር እንድሠራ ሐሳብ ቀረበ። አልተከራከርኩም። ከፈራሁት ያንሳል። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ተባለ። እጅ ሁሉ ወጣ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረውኝ የሠሩት፣ ዑመርን ሲያግዱ አብረውኝ የፈረሙት፣ ሁሉም አወጡ። እኔም ልክ ነው ብዬ አወጣሁ።

ዑመር ከኋላ፣ የተፈታ ሞተር አጠገብ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ሰብሳቢው እየቆጠረ እሱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጓድ ዑመር፣ ተኝተሃል እንዴ?»

«አልተኛሁም» አለ ዑመር። እጁን ግን አላነሳም።